ዳር የተገፉት ሲናገሩ፦ ከስድስት የአረብኛ መጻሕፍት የትኛውን እናስቀድም?

ባለፈው ክረምት የንባብ ቡድናችን «ከአረቦቹ አንድ እናንብብ» ብሎ ወሰነና ምርጫው ላይ ሦስት ቅዳሜ ተከራከርን። አንዱ እውነተኛ ታሪክ ካልሆነ ጊዜዬን አላባክንም አለ። ሌላዋ ልቦለድ ካልሆነ እንቅልፌ ይመጣል አለች። ከጅዳ ከተመለሰች ዓመት ያልሞላት ጓደኛችን ደግሞ ሰምታ ሰምታ፣ «ኩሽና ውስጥ ስላለችው የጻፈ የለም ወይ?» ብላ ጠየቀች። ሦስቱንም ሊያስታርቅ የሚችል የጽሑፍ ዓይነት በአረብኛ እንዳለ ያስተዋልነው ዘግይተን ነው፦ ደራሲው የራሱን ወይም የሚያውቀውን ሰው ሕይወት ልቦለድ አልብሶ የሚያቀርብበት። ይህን የጻፍኩት ሌላ ሰው ሦስት ቅዳሜውን እንዳያቃጥል ብዬ ነው።

ልብሱ ለምን አስፈለገ? አረብ በወግ ሲናገር «እኔ» የምትለው ቃል ካመለጠችው «አዑዙ ቢላህ ሚን ከሊመት አና» ይላል፤ «እኔ ከምትለው ቃል በአላህ እጠበቃለሁ» እንደማለት ነው። እኛም ብንሆን ስለ ራሱ የሚያበዛውን ሰው እርስ በርስ ተጠቃቅሰን እናልፈዋለን። ለሊቅና ለባለሥልጣን እንኳ «እኔ» ማለት በሚያሳፍርበት ቤት፣ ጎዳና ያደገው፣ የታሰረው፣ የቤት ሠራተኛዋ ልጅ በምን አፉ ይናገር? ልቦለድ እዚህ ላይ በር ይከፍታል። የገዛ አባትን ግፍ ተናግሮ «ገጸ ባሕርይ ነው» ማለት ይቻላል፤ ሳንሱሩም አንዳንዴ ያልፋል። ችግሩ በተከፈተው በር ሌላ ሰውም ገብቶ በተገፋው ስም ሊናገር መቻሉ ነው።

መለኪያዎቹ

ለእኔ ከሁሉም የሚቀድመው ከአፍ እስከ ብዕር ያለው ርቀት ነው። የተገፋው ሰው ራሱ ጻፈ? ተናግሮ ሌላ ጻፈለት? ወይስ ሌላ ሰው «እሱን ሆኜ» ብሎ ጻፈ? ከሦስቱም ጥሩ መጽሐፍ ሊወጣ ይችላል፤ የሚሰጡት ግን አንድ ዓይነት ነገር አይደለም።

ቀጥሎ ከአንባቢ ጋር የተገባው ውል አለ። ፈረንሳዊው ሐያሲ ፊሊፕ ለዠን በ1975 እንዳስቀመጠው፣ የደራሲው፣ የተራኪውና የባለታሪኩ ስም አንድ ሲሆን ግለ ታሪክ ነው እንላለን። ከታች ካሉት ስድስቱ ይህን ውል በሙሉ ልቡ የፈረመ የለም። አንዱ «እኔ» ማለትን ትቶ «ልጁ» ይላል፤ ሌላው ስሙን ሳይቀይር «ልቦለዳዊ ግለ ታሪክ» ይላል። ይህ ማወላወል እንደ ጉድለት መታየት የለበትም፤ የመጽሐፎቹ ጣዕም ያለው እዚያው ላይ ነው።

የቀሩት ሁለቱ የኪስና የሆድ ጉዳዮች ናቸው፦ ንባቡ ምን ያህል ይከብዳል፣ መጽሐፉስ በምን ቋንቋና በስንት ገጽ ይገኛል? ሽልማትን ከመለኪያ አላስገባሁትም። ሽፋን ላይ የተለጠፈ ክብ ወርቃማ ወረቀት ብዙ ጊዜ አሳስቶኛል። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መሐመድ ሹክሪ፣ «አል ኹብዝ አል ሓፊ»

እንግሊዝኛው ርዕሱን «ለዳቦ ብቻ»፣ ፈረንሳይኛው «ራቁት ዳቦ» ብሎታል። ለአማርኛ አንባቢ ይህን ያህል መጨነቅ አያስፈልግም፦ ደረቅ እንጀራ ነው፣ ወጥ የሌለው።

ሹክሪ በ1935 በሰሜን ሞሮኮ፣ በሪፍ ተራሮች ተወለደ። ረሃብ ቤተሰቡን ወደ ታንጀር ነዳቸው። የአፍ መፍቻው አረብኛ እንኳ አይደለም፤ ከአማዚግ ቋንቋዎች አንዱ የሆነው የሪፍ ቋንቋ ነው። ፊደል የቆጠረው በ20 ዓመቱ ላራሽ ከተማ ትምህርት ቤት ገብቶ ነው። መጽሐፉ የሚተርከው እስከዚያ ቀን ያለውን ነው። አባቱ በንዴት የታመመውን ትንሽ ወንድሙን አንገት ጠምዝዞ ሲገድል ልጁ ያያል። ከቆሻሻ ክምር ምግብ ይለቅማል፣ ይሰርቃል፣ መቃብር ውስጥ ያድራል፣ በሴተኛ አዳሪዎች ሰፈር ያድጋል። እስር ቤት ሲገባ አንድ እስረኛ የቱኒዚያዊውን ባለቅኔ የአቡል ቃሲም አሽ ሻቢን ስንኞች ግድግዳ ላይ ጽፎ ያነብለታል፤ ፊደል ከድምፅ ጋር ሲገናኝ ልጁ ልብ የሚለው እዚያ ነው። መጽሐፉ የሚያልቀውም የወንድሙን መቃብር ፍለጋ ሄዶ ነው። ሕፃን ሆኖ የሞተው ወንድሙ መልአክ ሆኗል፤ እሱ ግን መልአክ የመሆን ጊዜው አምልጦታል።

በመጀመሪያው መለኪያ ሲታይ የዚህ መጽሐፍ ዕጣ አስገራሚ ነው። ራሱ የተገፋው ሰው ጻፈው፣ ሆኖም መጀመሪያ የወጣው በአረብኛ አልነበረም። በ1973 ታንጀር ይኖር የነበረው አሜሪካዊ ደራሲ ፖል ቦውልስ በእንግሊዝኛ አወጣው። ቦውልስ የጽሑፍ አረብኛ አያነብም ነበርና ሹክሪ በቃል እየነገረው ነው የተተረጎመው። ከዚያ ታሃር ቤን ጀሉን ከአረብኛው ጽሑፍ ወደ ፈረንሳይኛ መለሰው። አረብኛው ለሕትመት የበቃው በ1982 ነው፤ በማግስቱ ዓመት ሞሮኮ ውስጥ ታገደ፣ እገዳውም እስከ 2000 ቆየ። ሹክሪ የሞተው በ2003 ስለሆነ፣ በአገሩ በነፃነት ሲነበብ ያየው ሦስት ዓመት ብቻ ነው። ስለ ቦውልስም ኋላ ላይ ምሬት ያዘለ መጽሐፍ ጽፏል። ሁለቱንም ቋንቋ የሚያነብ ሰው ፈረንሳይኛውን ቢያስቀድም እመክራለሁ። የእንግሊዝኛው አጫጭር፣ ደረቅ ዓረፍተ ነገሮች ያምራሉ፤ ምን ያህሉ የሹክሪ፣ ምን ያህሉ የቦውልስ እንደሆነ ግን መለየት ይቸግራል።

ክብደቱን አልደብቅም። ወሲቡም ጭካኔውም ያለ መጋረጃ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ በካይሮው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ከትምህርት ዝርዝር ውስጥ ገብቶ የወላጆች ቁጣ አስነስቷል። ውቤ በረሃን በስብሐት ገብረእግዚአብሔር ብዕር ያነበበ፣ «ሌቱም አይነጋልኝ» ስንት አስርት ዓመት ሳይታተም እንደቆየም የሚያውቅ ሰው ብዙ አይደነግጥም። አንድ ልዩነት ግን አለ፦ ስብሐት ሰፈሩን በእንግድነት ያየ የተማረ ሰው ነው፣ ሹክሪ ከዚያው የወጣ ነው።

ጣሃ ሑሴን፣ «አል አያም»

ከሹክሪ ጋር እንዲነጻጸር ካደረግሁት በኋላ ነው ይህን መጽሐፍ በትክክል ያነበብኩት። ጣሃ ሑሴን በ1889 በላይኛው ግብፅ፣ ማጋጋ አጠገብ ባለ መንደር ተወለደ። በሕፃንነቱ ዓይኑን ሲታመም የመንደር ፀጉር አስተካካይ አከመውና ዓይነ ስውር ሆነ። አል አዝሃር ገባ፣ ሶርቦን ደረሰ፣ በ1950 የትምህርት ሚኒስትር ሆነ። ስለዚህ «የተገፋ» ለማለት የሚያንገራግር ይኖራል። መጽሐፉ ግን የሚጀምረው ከሚኒስትሩ አይደለም። የሚጀምረው ሊያልፈው ከማይችለው የሸምበቆ አጥር ነው፤ ጥንቸሎች በቀላሉ ሾልከው ሲያልፉ ይቀናባቸዋል።

አንድ ገጽ ብቻ አንብቡ ብባል የማዕዱን ገጽ እመርጣለሁ። ልጁ አንድ ቀን ጉርሻውን በሁለት እጁ ብይዝ ምን ይሆናል ብሎ ይሞክራል። ወንድሞቹ ይስቃሉ፣ እናቱ ታለቅሳለች፣ አባቱ በረጋ ድምፅ «ልጄ፣ ጉርሻ እንዲህ አይያዝም» ይለዋል። ከዚያ ቀን በኋላ ሾርባ፣ ሩዝና በማንኪያ የሚበላ ነገር ሁሉ በራሱ ላይ ይከለክላል። ማዕድ ላይ መታየት ምን እንደሆነ ለሚያውቅ የእኛ ሰው ይህ ማብራሪያ አይፈልግም። የቁርኣን ትምህርት ቤቱ ምዕራፍም እንዲሁ ነው፦ የቃል ጥናቱ፣ የመምህሩ ኩራት፣ የአባት ጉራ፣ ከዚያም ልጁ ሲረሳ የሚደርስበት ውርደት። ዳዊት ደግሞ የተመረቀ ሁሉ ፈገግ ይላል።

ደራሲው «እኔ» አይልም። «ልጁ» ወይም «ወዳጃችን» ይላል። ዓይነ ስውር ስለነበር ብዕሩም በእጁ አልነበረም፤ በቃሉ እየተናገረ ሌላ ሰው ይጽፍለት ነበር። ይህ ርቀት ግን ከቦውልሱ ይለያል፤ ቃሉን አንድ በአንድ የሚያዘው እሱ ነው። አረብኛው በድግግሞሽ የሚዘመር ዓይነት የሆነው ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል፣ ለጆሮ የተጻፈ ነው። በ1926 ስለ ጥንታዊ የአረብ ግጥም በጻፈው መጽሐፍ ምክንያት በተወገዘበት ወቅት የተጀመረ መሆኑንም ልብ ይሏል፤ ሲከሱት ወደ ልጅነቱ ዞረ።

የመጀመሪያው ክፍል (1929) አጭር ነው፣ ለወጣትም ይሆናል። ደራሲው በ1973 ስለሞተና የግብፅ ሕግ የቅጂ መብትን ከሞት በኋላ ለ50 ዓመት ብቻ ስለሚጠብቅ፣ አረብኛው ያለ ክፍያ ይነበባል። እንግሊዝኛው ከ1932 ጀምሮ አለ።

ነዋል አስ ሳዕዳዊ፣ «ዜሮ ነጥብ ላይ ያለች ሴት»

የሥነ አእምሮ ሐኪሟ ሳዕዳዊ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ስለ ሴቶች የአእምሮ ጭንቀት ስታጠና በካይሮ አቅራቢያ በቀናጢር እስር ቤት ሞት የተፈረደባትን አንዲት ሴት አገኘች። ሴትዮዋ መጀመሪያ አላናግርም አለች፤ ለርዕሰ ብሔሩ የምሕረት ማመልከቻ ፈርሚ ስትባልም እምቢ ብላለች። መጨረሻ ላይ ሐኪሟን ራሷ አስጠርታ ሕይወቷን ነገረቻት፣ ከዚያ ተገደለች። መጽሐፉ በ1975 ወጣ። ባለታሪኳ ፊርደውስ ናት፣ ትርጉሙ «ገነት»። የምትናገረው በአንደኛ መደብ ነው፣ መጀመሪያና መጨረሻው ላይ ግን ሐኪሟ በረንዳ ላይ እንደተቀመጠ ሰው ትጠብቃለች።

ገጾቹ መቶ ገደማ ናቸው፤ በአንድ ሌሊት ያልቃል፣ ከዚያ ለሳምንት አያስተኛም። ቅሬታዬ አንድ ነው፦ ፊርደውስ አንዳንዴ እንደ ሐኪሟ ታስባለች፤ የዶክተሯ ድርሰት በእስረኛዋ አፍ ውስጥ ይሰማል። እንግሊዝኛውን የመለሰው የሳዕዳዊ ባል ሸሪፍ ሐታታ ስለሆነ፣ ታሪኩ ከፊርደውስ አፍ ወጥቶ አንድ ቤተሰብ ውስጥ ሁለት ጊዜ አልፎ ነው እኛ ጋ የሚደርሰው። ሳዕዳዊ ራሷ በ1981 በሳዳት ዘመን እዚያው ቀናጢር ታስራለች። ያኔ የጻፈችው የእስር ማስታወሻ ድምፁ የራሷ ስለሆነ ይበልጥ ይጥመኛል።

ሳዑድ አስ ሰንዑሲ፣ «የቀርከሃ ግንድ»

ጅዳ የነበረችው ጓደኛችን ለጠየቀችው ቅርብ የሚመስለው ይህ ነው። ኩዌት ውስጥ ተቀጥራ የመጣች ፊሊፒናዊት ሠራተኛ ጆሴፊን ከቤቱ ልጅ ከራሺድ ትወልዳለች። ልጁ ለኩዌቶቹ ዒሳ፣ ለፊሊፒኖቹ ሆሴ ነው። ማኒላ አድጎ ወደ አባቱ አገር ሲመለስ አያቱ ታስገባዋለች፣ ግን የሚያድረው የሠራተኞች ክፍል ውስጥ ነው፤ እንግዳ ሲመጣ ሠራተኛ መስሎ ይታያል። ቀርከሃ ተቆርጦ የትም ቢተከል ይበቅላል፣ የልጁ ሥር ግን የትም አልያዘም።

መጽሐፉ ራሱን የሚያቀርበው ሆሴ በፊሊፒንኛ የጻፈው፣ ከዚያ ወደ አረብኛ የተተረጎመ ግለ ታሪክ አድርጎ ነው፤ የምናብ ተርጓሚ እንኳ ስም አለው። እውነተኛው ደራሲ በ1981 የተወለደ ኩዌታዊ ነው። ማታለያው ብልህ ነው፦ ኩዌት ራሷን በሠራተኛዋ ልጅ ዓይን እንድታይ ያስገድዳታል። በ2013 ዓለም አቀፉን የአረብ ልቦለድ ሽልማት አሸንፏል (መለኪያ አይደለም ብያለሁ፣ ለመረጃ ያህል ነው)። ይሁን እንጂ ብዕሩ በአሠሪው ወገን እጅ ነው። ጆሴፊን ራሷ የምትሰማው በልጇ በኩል፣ ልጇ የሚሰማው በኩዌታዊ በኩል ነው። ሠራተኛን ከአንድ አሠሪ ጋር በሚያስረው፣ ከፋላ በሚባለው አሠራር ፓስፖርቷን ለአሠሪ ያስረከበች እህት ያለው ሰው የሷን ምስክርነት እዚህ አገኛለሁ ብሎ ባይጠብቅ ይሻላል። የሚያገኘው የ«ማዳም»ን ሳሎን ከውስጥ ነው፣ እሱም ዋጋ አለው። ወደ 400 ገጽ ነው፣ ቋንቋው ቀላል ነው።

ሐጂ ጃብር፣ «ጥቁር አረፋ»

ከስድስቱ ለእኛ በጣም የሚቀርበው ይህ ነው፤ ጥቂት ልቆይበት።

ጃብር በ1976 ምፅዋ ተወልዶ በስደት ጅዳ ያደገ ኤርትራዊ ጋዜጠኛ ነው፣ የሚጽፈው በአረብኛ። በ2012 የወጣው የመጀመሪያ ልቦለዱ «ሰምራዊት» ጅዳ ያደገ ኤርትራዊ ወጣት አስመራን ሲጎበኝ ያሳያል፤ ከደራሲው ሕይወት ጋር ያለው መመሳሰል አይደበቅም። ሙሉ ሳዑዲ ያልሆነ፣ ሙሉ ኤርትራዊም ያልሆነ ሰው ነው። በ2018 የወጣው «ጥቁር አረፋ» ግን ከራሱ ርቆ ይሄዳል። በትግል ሜዳ የተወለደ ወጣት ከኤርትራ አምልጦ ትግራይ ውስጥ ወዳለው የእንዳባጉና መጠለያ ይገባል፣ ወደ አዲስ አበባና ጎንደር ይዘልቃል፣ ከቤተ እስራኤል ወገን ነኝ ብሎ ወደ እስራኤል ለመግባት ይሞክራል። በየደረሰበት ታሪኩንና ስሙን ይቀያይራል፦ አዳል፣ ዳውድ፣ ዳዊት፣ ዳቪድ። ስምን መልአክ ያወጣዋል እንላለን፤ የዚህን ልጅ ስም የሚያወጣው ግን ፎርም የሚሞላው ጸሐፊ ነው።

መጽሐፉ ስለ ግለ ታሪክ ራሱ የሚናገር ሆኖ ነው ያገኘሁት። ስደተኛ ሁሉ ግለ ታሪክ እንዲያቀርብ ይገደዳል፤ አቤቱታውን ለሚሰማው ባለሥልጣን፣ ለረድኤት ሠራተኛ፣ ለፍቅረኛ ሳይቀር። ታሪኩ ካላሳመናቸው ሌላ ያዘጋጃል። እውነተኛውን ታሪክ የሚጠይቀው ሰው የለም፣ የሚጠየቀው ተቀባይነት ያለው ታሪክ ነው። ሹክሪ «ይህ እኔ ነኝ» ብሎ ደረቱን ሲሰጥ፣ የጃብር ዳዊት «ማን ልሁንላችሁ?» ይላል። ቴል አቪቭም ሆነ ፍራንክፈርት የጥገኝነት ቃለ መጠይቅ ያለፈ አበሻ ይህን ያውቀዋል።

ከርቀት አንጻር፣ ደራሲው ስደትን በገዛ ቤቱ ያየ ነው፤ የዳዊትን መንገድ ግን አልሄደበትም። እንግሊዝኛው በ2023 ወጥቷል። ጊዜው ወደ ኋላና ወደ ፊት ስለሚዘል የጀመረው ሰው ሳያቋርጥ ቢያነብ ይሻላል።

ሙስጠፋ ኸሊፋ፣ «ዛጎል»

በአጭሩ፦ ደራሲው ከ1982 እስከ 1994 በሶርያ እስር ቤቶች፣ ታድሙርን ጨምሮ ታስሯል። ተራኪው ከፓሪስ ሲመለስ አየር ማረፊያ የሚያዝ ክርስቲያን ነው፤ ክሱ የሙስሊም ወንድማማቾች አባልነት። መንግሥት ይገርፈዋል፣ አብረውት የታሰሩት ደግሞ ከሃዲ ብለው ይርቁታል፤ ዛጎሉ ይህ ነው። ወረቀትና እርሳስ ስለሌለ ማስታወሻውን በአእምሮው ይጽፋል። ስቃዩ ገጽ በገጽ ነው፤ የደርግን እስር ቤት ያየ ዘመድ ላለው ሰው ሳያስጠነቅቁ አይስጡት።

በአንድ ላይ ሲታዩ

| መጽሐፍ | አረብኛው የወጣበት | የተገፋው ማን ነው | ብዕሩ በማን እጅ | ውሉ | ክብደት |
|---|---|---|---|---|---|
| «አል ኹብዝ አል ሓፊ» | 1982 | የጎዳና ልጅ | በራሱ | ልቦለዳዊ ግለ ታሪክ | በጣም ከባድ |
| «አል አያም» (1ኛ ክፍል) | 1929 | ዓይነ ስውር የገጠር ልጅ | በራሱ ቃል፣ በሌላ እጅ | ግለ ታሪክ በሦስተኛ መደብ | ቀላል |
| «ዜሮ ነጥብ ላይ ያለች ሴት» | 1975 | ሞት የተፈረደባት ሴተኛ አዳሪ | በሐኪሟ | ምስክርነት የሆነ ልቦለድ | ከባድ፣ አጭር |
| «የቀርከሃ ግንድ» | 2012 | የቤት ሠራተኛ ልጅ | በአሠሪው ወገን | የግለ ታሪክ ጭምብል | መካከለኛ፣ ረጅም |
| «ጥቁር አረፋ» | 2018 | ኤርትራዊ ስደተኛ | በስደት ባደገ ኤርትራዊ | ልቦለድ | መካከለኛ |
| «ዛጎል» | 2008 | የፖለቲካ እስረኛ | በቀድሞ እስረኛ | ልቦለድ ነው የሚል ማስታወሻ | በጣም ከባድ |

ለማን የትኛው?

ዕድሜና እምነቱ የተደባለቀ ቡድን ከሆነ በ«አል አያም» ይጀመር፤ የሚያስቀይመው የለም፣ የሚወራው ግን ብዙ ነው። ኪሱ የሳሳና አረብኛ የሚያነብ ሰውም እዚሁ ይጀምር። ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የተመለሱ ብዙዎች አረብኛውን በጆሮ እንጂ በፊደል አያውቁትም፤ ፊደል እየተማሩ ላሉ «የቀርከሃ ግንድ» ይቀላል፣ የጣሃ ሑሴን ዓረፍተ ነገር ይረዝምባቸዋል።

አንድ ቅዳሜና እሑድ ብቻ ላለው ሳዕዳዊ። ስደት ላይ ላለ ወይም ልጁ ስደት ላይ ላለበት «ጥቁር አረፋ»፣ ሌላው ሁሉ ይቆየው። የራሱን ሕይወት ለመጻፍ ወረቀት ዘርግቶ «እኔ» ማለት ያቃተው ሰው ደግሞ ሁለት መጽሐፍ ይግዛ፦ ጣሃ ሑሴንንና ሹክሪን፣ በዚህ ቅደም ተከተል፣ መሃላቸው ሌላ ሳያስገባ። አንዱ «እሱ» እያለ፣ ሌላው «እኔ» እያለ አንድ ዓይነት ረሃብ ይነግሩታል።

የእኛ ቡድን መጨረሻ ላይ «የቀርከሃ ግንድ»ን መረጠ። ጓደኛችን የጆሴፊንን ክፍል ሁለት ጊዜ አነበበችው። ልጁ አድጎ ኩዌት ሲደርስ ግን መጽሐፉን ዘጋችና፣ «ከዚህ በኋላ ያለው የሱ ጉዳይ ነው፤ እሷ የት ሄደች?» አለች። ለሚቀጥለው ቅዳሜ ሹክሪ ተይዟል፤ ያለን አንድ ቅጂ ስለሆነ በተራ እየዞረ ነው።